ሁለት ሀ በአንድ አዙሪት

ምራቴን በቤታችን ጠብታ እንላታለን። ያን የሚያህል ባሕር በጠብታ የምትመረምር ሴት ሌላ ምን ትባላለች? ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፤ ስትራመድ ግን ወለሉ ያውቃታል።

የምትሠራው የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በመርከብ ትሄድና የባሕር ውሃ በነጭ ወረቀት ታጣራለች፤ ወረቀቱ ላይ የቀረውን አረንጓዴ በመሣሪያ ትለካለች። አረንጓዴው በዓይን የማይታዩ የባሕር እፅዋት ናቸው። ፋይቶፕላንክተን ይሏቸዋል፤ እኔ ምላሴን ስለሚያስረኝ «ደቃቆቹ» እላቸዋለሁ።

«ከዳርቻው ርቆ ያለው ሰማያዊ ውሃ ባዶ ጓዳ ነው፣ እማዬ» አለችኝ አንድ ቀን አንሶላ እያጣጠፍን። «ላይ ፀሐይ ሞልቷል፤ ምግቡ ግን ታች ጨለማው ውስጥ ነው። ደቃቆቹ ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሆንላቸውም።»

«ታዲያ ማን ያወጣላቸዋል?»

«አዙሪት!» አለችና የአንሶላውን መሃል ከሥር በጡጫዋ ወደ ላይ ገፋችው። «በአንድ ወገን የሚዞረው እንዲህ ቀዝቃዛውን ውሃ ከነምግቡ ወደ ብርሃን ያነሳላቸዋል። ያኔ ይጠግባሉ፣ ይባዛሉ። በሌላው ወገን የሚዞረው ደግሞ እንዲህ ቁልቁል ይጫንና ይብስ ያስርባቸዋል።»

«ስፋቱስ?»

«በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።»

አንሶላው ተጨማደደ፤ እንደገና አጣጠፍነው።

ባለፈው የሄዱት የሚያነሳውን ዓይነት አዙሪት ፍለጋ ነበር። አገኙት። ለስድስት ቀን በየቀኑ ከሦስት ቦታ ውሃ ቀዱ፤ ከአዙሪቱ ውጭ ያለውን ሀ፣ ጠርዙን ለ፣ መሃሉን ሐ ብለው ሰየሙት። ተመልሳ ውጤቱን ስታቀርብ አለቃዋ መነጽሩን አወለቀ።

«መሃሉና ውጭው እኩል ነው የምትዪኝ? በሳተላይት ፎቶ መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል እኮ።»

«የለካሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው አለካክሽ ላይ ችግር አለ። እስከ ረቡዕ ምክንያቱን ካላገኘሽ የስድስቱን ቀን ሥራ እጥለዋለሁ። ለሚቀጥለው ጉዞም ሌላ ሰው ነው የምወስደው።»

ይህን እራት ላይ ነገረችን። «አለካኬን አውቀዋለሁ» አለች። «ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አገኘዋለሁ።» ምግቧንም ጨርሳ በላች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መዝገቧን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እኔ እያነበብኩላት እሷ በአዲስ ወረቀት ልትገለብጠው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አስተማሪዬ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት በየስማቸው ስላስያዘችኝ ሌላ አነባበብ አላውቅም።

«ሃሌታው ሀ፣ አሥራ አንድ» አልኩ። «ለ፣ ሃያ። ሐመሩ ሐ፣ አርባ ሁለት።»

ሳቀች። «በዚህ አያያዛችን ሊመሽብን ነው። ሀ ብቻ ይበሉ፣ እማዬ።»

«ሀ ብቻ ካልኩሽ የትኛዋን ልትጽፊ ነው?»

«በተራ ነዋ! መጀመሪያ የመጣው...» አለችና ቆመች። እስክሪብቶዋ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የቀለሙ ነጥብ እየሰፋ ሄደ።

ስልኳን አንስታ ጥሩንባ ጋ ደወለች። ጥሩንባ መርከቡ ላይ ውሃ የሚቀዳው ሰው ነው፤ ስሙ በድምፁ የወጣለት ነው። ድምፅ ማጉያውን ባትከፍተውም እሰማው ነበር።

«ውሃውን በቱቦ ስትለቅልኝ ምን እያልክ ነበር የምትጮኸው?»

«ጆሮሽ የት ሄዶ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሀ!»

«በመመለሻው ቀንስ?»

«ሀ፣ ለ፣ ሀ። ምን ላድርግ፣ በዜማ ልበልልሽ?»

«በመመለሻው የመጀመሪያው ሀ የቱ ነበር?»

ጥሩንባ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ባለ ሦስት እግሩ» አለ። «የመሃሉ።»

መርከቡ አንድ ቀን ከውጭ ወደ መሃል ይገባል፤ በማግስቱ ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ይወጣል። እሷ ግን መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጣ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን «ሀ» በመጀመሪያው ዓምድ ስትጽፍ ኖራለች። በሦስቱ የመመለሻ ቀናት መሃሉና ውጭው ቦታ ተለዋወጡ፤ ሲደመር እኩል ወጣ።

ባሏ፣ ልጄ፣ በሳቅ ፈነዳ። «ዲግሪሽን ተቀብለው አንደኛ ክፍል ያስገቡሽ!»

«ዝም በል፤ አንተ ሰላምን በየትኛው ሰ እንደምትጽፍ እንኳ አታውቅም» አለችው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «የሚፈለገው ውጤት እንዲመጣ ዓምድ ማገላበጥ ቀላል ነው።»

«ለዚህ ነው ሳላገላብጥ የመጣሁት» አለችው። ጥሩንባ በየቀኑ ከየቦታው ውሃ አንዳንድ ጠርሙስ አስቀርቶ፣ ፊደሉን በቀለም ጽፎበት፣ እንዳይበላሽ መድኃኒት ጨምሮበት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አኑሮታል። «የመመለሻ ቀኖቹን የመሃልና የውጭ ስድስት ጠርሙሶች ያውጡ። ፊደላቸውን በፕላስተር ይሸፍኑና አቀላቅለው ይስጡኝ። ደቃቆቹን በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ የትኛው ከመሃል፣ የትኛው ከውጭ እንደሆነ እነግርዎታለሁ።»

እስከ ማክሰኞ ማታ ቆጠረች። ረቡዕ ጠዋት ጠርሙሶቹን አለቃዋ ፊት ደረደረች። «ይሄ ከመሃል። ይሄም። ይሄ ከውጭ፣ ይሄ ከውጭ፣ ይሄም ከውጭ።» ስድስተኛውን ለብቻው አስቀመጠችው። «የዚህ ክዳኑ ላልቶ ደቃቆቹ ፈርሰዋል። ስለ እሱ የምለው የለኝም።»

ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጠው። አምስቱም ልክ ነበሩ። ስድስተኛውን ሲልጠው ባለ ሦስት እግሩ ወጣ።

«ሦስት ከውጭ ካልሽ የቀረው ከመሃል መሆኑ ግልጽ ነበር እኮ» አለ። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንን በሂሳብ አውቄዋለሁ። በማይክሮስኮፕ ግን አላየሁትም።»

መነጽሩን አደረገና የጉዞውን ዝርዝር ወደ ራሱ ሳበ። ከላይ ስሟን ጻፈ። እሷም መዝገቡን ተቀብላ የተሳሳተችበትን መንገድ በራሷ እጅ ጽፋ ፈረመችበት።

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዋን አወረደች።

«አርባ ቀን ነው፣ እማዬ። አዙሪቱ ሳይጠፋ ልንደርስበት ነው። ልጆቹን ይይዙልኛል?»

«ሃምሳም ይሁን» አልኳት፤ ካልሲዎቿን በጥንድ በጥንድ እየጠቀለልኩ አቀብላት ጀመር።