የእናቴ ደረጃና የመጀመሪያዋ የብየዳ ማሽኔ

እናቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ ከሁሉ አብልጣ የጠላችው የእኔን ክንድ ነው። አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ያለው ቤታችን መግቢያው ላይ የሲሚንቶ ደረጃ አለው፤ የሚያዝ ነገር ግን የለውም። ሁለት ቤት አልፎ ከሚኖሩ የወሎ ሴትዮ ጋር መጨዋወት ትወዳለች፤ ያለ እኔ ድጋፍ ግን መውረድ አትችልም። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። ስለዚህ ነጠላዋን ለብሳ መስኮት ስር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ከሶላት በኋላ ሁሌ የምታደርገው ዱዓ አላት፤ «ያ ረቢ፣ ከሰው እጅ አትጣለኝ።» ክንዴን ስዘረጋላት ያንን ዱዓ እኔ ያበላሸሁባት ይመስል ፊቷን ታዞርብኛለች።

ለደረጃው የብረት መደገፊያ የሚገጥም ሰው ጠራሁ። ያመጣውን ናሙና ያዝ አድርጌ ስነቀንቀው ተወዛወዘ። እናቴን ለሚወዛወዝ ነገር አልሰጥም ብዬ ሰውየውን አሰናበትኩት። ግትር ነኝ፤ ሚስቴ ትመስክር። ብየዳ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ ባላውቅም ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ።

የሚስቴ ወንድም እዚያው አቅራቢያ ኮንየርስ ከተማ ውስጥ የጭነት መኪና ተጎታች ይጠግናል። ማሽን ልንመርጥ አብረን ሄድን። እኔ ትልቁ ፊት ቆሜ ሳደንቅ እጅጌዬን ጎተተኝ።

«ብሮ፣ ይሄ ሁለት መቶ አርባ ቮልት ነው። የት ልትሰካው ነው? የልብስ ማድረቂያውን ድራየር ነቅለህ? ለአንተ ሥራ በሽቦ የምትበይደው ትንሿ ሚግ ትበቃሃለች። ብቻ ጋዝ የምትቀበለውን ውሰድ፤ ለጀማሪ እሷ ትሻላለች።»

ትንሿን ወሰድኩ። አሠራሩን ሲያስረዳኝ ቀላል መሰለኝ፤ የመበየጃውን ምላጭ ስትስበው ሽቦው ከአፈሙዙ ይወጣል፣ ይቀልጣል፣ ጋዙ ደግሞ የቀለጠውን ብረት አየር እንዳያገኘው ይሸፍነዋል። የመጀመሪያ ሥራዬን አይቶ ግን «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ የዶሮ ኩስ?» አለኝ። ተናደድኩ፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

ጋራዡ ውስጥ በቁርጥራጭ ብረት ልምምድ ጀመርኩ። ብርሃኑ ዓይን ስለሚጎዳ እናቴ ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ድምፁን ታዳምጣለች። እጄ ሲፈጥን ይንጣጣል፤ ሲስተካከል የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ነው የሚጮኸው። «አሁን ቁሌቱ ገባ!» ትለኛለች ከወዲያ። ሲበላሽም ዝም አትልም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላለች። ከመምህሬ ይልቅ እሷ ጠቀመችኝ ብል አላጋነንኩም።

የአትላንታ ሙቀት አላስቀምጥ ቢለኝ ቬንቲሌተር ከፈትኩ። ብየዳው ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ለእናቴ ባሳያት «ዓይኑ ያምራል፤ ምነው እንጀራ በሆነ» አለች። ለሚስቴ ወንድም ስደውል በስልክ ጮኸብኝ።

«ፋኑን አጥፋው! ጋዙን እኮ እየበተነብህ ነው!»

እኔ ታዲያ ነገር ሲነግሩኝ አበዛዋለሁ። ቬንቲሌተሩን አጥፍቼ የጋራዡን በርም ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ለመደገፊያው የገዛሁት ቧንቧ ደግሞ እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ ነበር። ሲበየድ መጥፎ ጭስ እንዳለው አልጠፋኝም። እናቴ ግን በትልቅ ኩባያ ወተት አመጣችልኝ። «አባትህ ፋብሪካ ሲሠራ ማታ ማታ እሰጠው ነበር። ወተት መርዝ ያወጣል» አለች። እኔም ይህንኑ ስሰማ ነው ያደግሁት። ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁና በነጩ ጭስ መሃል እስኪመሽ ስበይድ ዋልኩ።

ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ግንባሬን እየዳሰሰች ወባ ነው አለች፤ ቀጥላም ማልቀስ ጀመረች። «በእኔ የተነሳ ነው። ይቅርብኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ደጅም አያምረኝ።» ከትኩሳቱ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ቃሏ ነው። ደጅ መውጣቱን ትተወዋለች፤ አውቃታለሁ።

የሚስቴ ወንድም እየበረረ መጣ። «ጋልቫናይዝዱን ዌልድ አደረግከው? ዚንኩን ግራይንድ አድርገህ ሳትፍቅ? በሩን ዘግተህ?»

«ወተት ጠጥቻለሁ እኮ» አልኩት።

ሳቁ አመለጠው፤ የእናቴን ፊት ሲያይ ግን ወዲያው ዋጠው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ። አይገናኙም።»

አባቴ የሞተው ለዓመታት ሲያስለው ኖሮ ነው። እናቴ እጇን ከግንባሬ ላይ አነሳች። «ታዲያ ያንን ሁሉ ወተት?» አለች።

ሐኪም አየኝና የዚንኩ ጭስ ያመጣው ትኩሳት ነው አለኝ፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። ዚንክ የሌለው ቧንቧ ገዛሁ፤ የጋራዡን በር ከፈትኩ፤ የጭስ መከላከያ አፌና አፍንጫዬ ላይ አጠለቅኩ። እናቴ ወተት አላመጣችም። ከኩሽናው በር ወዲያም ድምፅ የለም። እየበየድኩ የእሷን «ቁሌቱ ገባ» ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም። ከፋኝ። ያም ሆኖ ሥራውን ጨረስኩት፤ የሚስቴ ወንድም በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ሲሚንቶው ላይ በቡሎን አሰርነው፣ ሁለታችንም ተንጠላጠልንበት። ንቅንቅ አላለም።

ቀለሙ ሲደርቅ ጠራኋት። ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ብረቱን ያዘችና፣ እኔ የሰውየውን ናሙና እንደነቀነቅኩት፣ በሁለት እጇ ነቀነቀችው። ከዚያ አንድ እግሯን ወደ ታች ሰደደች። እኔ ሳላስበው ክንዴን ዘረጋሁ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችኝ።

ሰበሰብኩ። ቀስ እያለች ወረደች፤ ዞራም ሳታየኝ ወደ ጎረቤቷ ሄደች። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ስትመለስም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፤ ብረቱን ይዛ ራሷ ወጣች።