ያለ እጅ የሚመታ ከበሮ

ሰውአገኝ ጎረቤቴ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ የእሱን ያህል ደረቅ ሰው አላውቅም። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ከሙዚቃ የማውቀው መስማትና መጨፈር ብቻ ነው። እሱ ግን ያን የገና ጾም ሙሉ ስለ አንድ ሳጥን እየነዘነዘ ጆሮዬን አደንቁሮታል።

ሳጥኑ አናሎግ ሲንተሳይዘር የሚሉት በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ማሽን ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ በጥድፊያ የወጣ ፈረንጅ ሆቴል ውስጥ ጥሎት ሄዶ ሰውአገኝ እጅ የገባ፣ ፊቱ በሙሉ ማዞሪያና ገመድ የሆነ ዕቃ። ሰውአገኝ አሰለች ለምትባል የሰርግ ዘፋኝ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ከበሮ መቺዋ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረባት። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ስለዚህ ቁርጡን ነገረችው። «ከዚህ ሳጥን ከበሮ ታወጣለህ። ካላወጣህ ከበሮ ራሱ የሚመታ ዘመናዊ ኦርጋን ያለው ልጅ ከወልድያ አመጣለሁ፤ አንተም እቤትህ።» ሌላ ሥራ የለውም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ትቶ ዘፈን ውስጥ ከገባ ወዲህ አባቱ መሪጌታ ምሥጋናው ስለ ሙዚቃው አንዲት ቃል ተናግረውት አያውቁም። ሲገባ «እንዴት ዋልክ»፣ ሲወጣ «በሰላም ግባ»፤ በቃ።

በጾመ ነቢያት መሪጌታ ቤት የዘፈን ድምፅ አይታሰብም። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ይሠራል፤ እኔንም ጎትቶ አስቀምጦ ያስረዳኛል። «ኤንቨሎፕ ማለት ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስነው ነው። እሱን የሚቀሰቅሰው ጣት ነው። የእኔ ጣቶች ግን ዜማው ላይ ናቸው። ስለዚህ ይኼ ማሽኑ ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ከፍ ባለ ቁጥር ኤንቨሎፑን ይቀስቅስልኝ።»

ቀሰቀሰለት። ግን አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው እየመጣ ይረግጠዋል፤ የእኔ ባጃጅ ዳገት ላይ ሲጨነቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው የወጣው። የምቱን ጭራ አሳጠረው። አሁን ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ አለ። በሌላ ሞገድ ሌላ ኤንቨሎፕ ቀስቅሶ ለግራ እጅ የሚሆን ወፍራም ምት ጨመረበት፤ ሁለቱ ሞገዶች አብረው ይነሱና አብረው አይሄዱም፤ ግራው ወደ ኋላ ይጎተታል። ሊስተካከል ነው ስንል መብራት ይጠፋል። ሲመጣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ፍጥነቱ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔ ብሆን ገደል እጨምረው ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሰውአገኝ እየሮጠ መጣ። እጅግ የዘገየ ሦስተኛ ሞገድ የሁለቱን ፍጥነት እንዲገፋ አድርጎ ነበር፤ ምቱ በቀስታ ተነስቶ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። «ነፍስ ዘራ!» አለኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋው። እውነትም ደስ ይላል። የት እንደማውቀው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

የጥር የመጀመሪያው ሰርግ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ካህናቱ ባርከው፣ በልተው፣ ዘፈን ሳይጀመር ሊወጡ ተነሱ፤ መሪጌታም አብረው አሉ። አሰለች ግን ቸኮለች። «ጀምር!» አለችው።

ምቱ ከትልቁ ስፒከር ወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ከብዶ። አሰለች አፏን ከፍታ የምትገባበት አጣች። ትከሻውን የነቀነቀ አንድ ሰው የለም። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና ያጨበጭቡ ጀመር፤ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ያዘ። ምቱ ሲፈጥን እልልታው ቀለጠ። ያኔ ነው የገባኝ። የበዓል ማኅሌት ከበሮ ነው! ሰውዬው ጾሙን ሙሉ ላቡን አፍስሶ የሠራው በልጅነቱ አባቱ ያስተማሩትን ምት ነው።

«ምን ጉድ ነው የምታመጣብኝ? እኔ ሙሽራ ላስጨፍር ነው የመጣሁት!» ብላ ጮኸች አሰለች። ሰውአገኝ ማዞሪያዎቹን ቢያዟዙር ባሰበት። በመጨረሻ በንዴት ገመዱን ነቀለው። አንዱ ስልኩን ስፒከሩ ላይ ሰካ፤ ወዲያው ድንኳኑ በእስክስታ ተናጋ። «ነገ ወልድያ እደውላለሁ» አለችው፤ ፊቱን እንኳ አላየችውም። የዚያን ሁሉ ቀን ልፋት አንድ ስልክ በላው!

ሳጥኑን ተሸክመን ስንወጣ መሪጌታ ባጃጁ አጠገብ ቆመዋል። ሰውአገኝ መሬት መሬት ያያል። የጠበቅነው ቁጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንን ከበሮ ዘፈን ድንኳን ውስጥ ማምጣት ቀላል ነገር አይደለም።

«ግራህ ዛሬም ይዘገያል» አሉት። «ልጅ ሆነህም ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ።»

ሰውአገኝ ስለ ሞገዱ ማስረዳቱን ተወው። «አዎ፣ አባ» አለ፤ እንባው መጣ።

መሪጌታ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ሳጥኑን የት ላድርገው እያልኩ ሳመነታ «ወዲህ በለው» አሉኝና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ዳገቱን ስንወጣ በግራ መዳፋቸው መታ መታ ያደርጉት ነበር፤ ሳይዘገዩ።