የቦምቡን ፊልም ለጎረቤታችን ስተረጉምለት

እኔ ቂም አልረሳም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደብቄውም አላውቅም። አባቴ ግን ሌላ ሰው ነው። ማንም ምን ቢያደርገው «ተይው፣ አላህ ያያል» ይላል። እኔ ደግሞ አላህ እስኪያይ ድረስ መጠበቅ አይሆንልኝም።

የአባቴን ዓይን ያጠፋው ጎረቤታችን ነው። ግብርና ተምሮ መጣና የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ሲቆይ ሁለት ሦስቱን በራሱ እጅ እየደባለቀ፣ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየሞላ መሸጥ ጀመረ። ተባዩ በአንድ ቀን ድምጥማጡ ይጠፋል፤ ከጀውሃ ሳይቀር እየመጡ ይገዙት ነበር። አባቴ «ፊቴን መሸፈን አለብኝ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ቢጠጡትም አይገድልዎት» ብሎ ሳቀ። አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ማሳው ላይ ሲረጭ የመርጫው ቱቦ ፈነዳና ያ መርዝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ደብረ ብርሃን ወሰድነው፣ አዲስ አበባም ወሰድነው፤ ሁለቱም ዓይኑ ጠፋ።

በሽማግሌ ስናስጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ አልሸጥኩላቸውም፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ።» ዓይናችንን እያየ። እኔ ልጁ ስለሆንኩ ምስክርነቴ አልተቆጠረም። አባቴ እንደ ልማዱ «ተይው» አለኝ። እኔ እርር ድብን አልኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ እንዲያምን።

ቪዲዮ ቤት አለኝ። ኳስ በሌለ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ፊልም አሳያለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ድምፅ እቀንስና ማይክ ይዤ በአማርኛ እተርካለሁ። ጫት ቃሚዎቹ በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ብለው ያዳምጡኛል። መጀመሪያ ሴት ተርጓሚ ብለው ስቀውብኝ ነበር፣ አሁን ያለ እኔ ፊልም አይጥማቸውም። ታዲያ አንድ ቀን ያንን የአቶም ቦምብ ስለሠራው ሳይንቲስት የተሠራ ፊልም እጄ ገባ፤ የእውነት ሰው ታሪክ ነው። ብቻዬን አይቼ ስጨርስ ምን እንደማደርግ አውቄያለሁ።

ጎረቤታችንን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። «የተማረ ሰው ፊልም ነው፤ አንተ ካልመጣህ ማን ሊገባው ነው?» አልኩት። ደስ ብሎት መጣ፤ የፊቱን ወንበር ሰጠሁት። አባቴን እጁን ይዤ አምጥቼ ከሰፈራችን ሽማግሌ፣ ከሸህዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። ለአባቴ ፊልሙ የእኔ ድምፅ ብቻ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ሳይንቲስቱ ይጨነቃል፣ ይከሳል፣ ይጸጸታል። ያንን ሁሉ ዘለልኩት። «አይዟችሁ፣ ምንም አያደርግም እያላቸው ነው» እያልኩ ተረክሁ። ቦምቡ ፈነዳ። በኋላ ሳይንቲስቱን ሰዎች ከበው ሲያፋጥጡት አንዱ ቃሚ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ አልሠራሁትም፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ አለ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም። ቤቱ ግን ቃሉን ያውቀዋል፤ ከተማው ሁሉ ጎረቤታችን ለሽማግሌዎቹ የመለሰውን ሰምቷል። አንድ በአንድ ወደ ፊት ወንበሩ ዞሩ። የጎረቤታችን ማጅራት በላብ ራሰ፤ እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሸህዬ «ኋላስ ሰውዬው አውፍ በሉኝ አላለም?» ብለው ጠየቁ። እኛ ዘንድ አውፍ የጠየቀ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው፤ በሰው ፊት ይቅርታ የተጠየቀም እምቢ አይልም።

«አላለም ሸህዬ። እንዲሁ ሞተ» አልኳቸው።

ጎረቤታችን ተነሣ። ሊወጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ስሄድ አባቴ ፊት ተንበረከከ። «ጋሼ፣ የሸጥኩልዎት እኔ ነኝ። አይገድልም ያልኩዎትም እኔው ነኝ። ለአላህ ብለው አውፍ ይበሉኝ» አለ።

የፈለግኩትን አገኘሁ፤ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። አባቴን አውቀዋለሁ። አሁን አውፍ ይለዋል፣ ይሄም ሰውዬ ታጥቦ እንደወጣ ሸማ ነጽቶ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ነው እንዴ የለፋሁት አልኩ በልቤ። ሸህዬም «በል እንግዲህ፣ አውፍ በለው» አሉት።

አባቴ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ «አውፍማ እልሃለሁ፤ ፊትህን ያየሁ ቀን» አለው።

እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ይዤው ወጣሁ። ጎረቤታችን እዚያው በጉልበቱ ቀረ። አባቴ እስከ ዛሬ አውፍ አላለውም። እኔም በለው ብዬ አላውቅም።