ገመቹ የዞረ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ያደግሁት በብስክሌት ተረት ነው። የሌላው ሰፈር ልጅ ንጉሥና ልዕልት ሲሰማ፣ በእኛ መስመር ተረት ሁሉ የሚጀምረው ከፋብሪካ በር ነበር። ተራኪው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ በቀለ ነው። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ሰፈራችን ንፋስ ስልክ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ጀርባ ነበር። ቤቶቹ ለሠራተኛ ተብለው በአንድ መስመር የተሠሩ ስለነበሩ የአንዱ ቤት ወጥ ለሁሉም ይሸታል፣ የአንዱ ቤት ጠብም ለሁሉም ይሰማል። ያኔ ሰዓት የምናውቀው በፋብሪካው ጡሩምባ ነው። የማታው ፈረቃ ሲገባ በረዥሙ ይጮኻል፤ እናቴም ያን ስትሰማ «ግቡ፣ እግራችሁን ታጠቡ» ትለናለች። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖሱ ከአጠገባችን አይርቅም ነበር። ጋሼ የከሰል ምድጃውን ደጃፉ ላይ ያቀጣጥልና ጭሱ እስኪያልፍለት ያራግባል። ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ ያስገባና በቆሎ ደርድሮበት «ኑ!» ሲል የመስመሩ ልጅ ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል።

ጋሼ ሲያወራ ይጮኻል። ዕድሜውን ሽመና ክፍል ስለጨረሰ ጆሮው ከማሽኑ ጋር ቀርቶ ነበር። እኛ ግን ተረት ደስ ስለሚለው የሚጮኽ ይመስለን ነበር፤ አለመስማቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። እናቴ ከግድግዳው ማዶ ሆና «ኧረ ጋሽ በቀለ፣ ጎፋ ድረስ እኮ ተሰማህ» ብላ ትቀልድበታለች፤ እሱ ያንንም አይሰማም።

የሽመና ክፍል ሰው ሥራ ላይ በአፉ አያወራም። ማሽኖቹ አንድ ላይ መንኳኳት ሲጀምሩ የራስህን ድምፅ እንኳ አትሰማውም ይለን ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእጅ መነጋገር ለመዱ። ሁለት ጣት ትከሻ ላይ ካረፈ ፎርማኑ እየመጣ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተጋጥመው ከተለያዩ ክር ተበጥሷል። ጋሼ ደጋግሞ ያሳየን የነበረው ግን አንዱን ምልክት ነው። የሽመና ሠራተኛ ማሽኑን ዝም ብሎ ትቶ አይሄድም፤ ውሃ ቢጠማው፣ ሽንት ቢይዘው፣ ጎረቤቱ ካልተቀበለው ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቱ ደረቱን በመዳፉ መታ ያደርግና፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሕፃን ራስ የሚዳብስ ይመስል አየሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ሂድ፣ ያንተን እኔ አያለሁ» ማለት ነው። ይህን ያለ ሰው ባለቤቱ እስኪመለስ ዓይኑን ከማሽኑ ላይ አይነቅልም። የሚሄደውም ሰው አንድ ሕግ ነበረበት፤ ምልክቱን ከተቀበለ በኋላ ዞሮ አያይም። ዞሮ ማየት «አላምንህም» ማለት ነው። በዚህ ተኳርፈው ጡረታ እስኪወጡ ሳይታረቁ የቀሩ ሰዎች አሉ ብሎ ይስቅ ነበር።

ገመቹ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነበር። ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት የቤታቸውን ወተት በብስክሌት ጭኖ ከተማ ያደርስ ነበርና፣ ጋሼ «ያ እግር የተሠራው በወተት ነው፤ በመጠጣት እንዳይመስላችሁ፣ በመጫን» ይለን ነበር። ሽመና ክፍል ሲገባ ከጋሼ ጎን ያሉት ማሽኖች ደረሱት፤ በፋብሪካው የብስክሌት ቡድንም አብረው ገቡ። ያኔ ፋብሪካ ሁሉ ቡድን ነበረው። የሳሙናው፣ የጫማው፣ የብረቱ ሠራተኛ ሳምንቱን በሙሉ ማሽን ሲያገላብጥ ሰንብቶ እሁድ እሁድ በብስክሌት ይተናነቃል። ከእኛ ፋብሪካ በር ይነሳሉ፤ በሳሪስ ቁልቁል ወርደው ቃሊቲንና አቃቂን አልፈው፣ ዱከም ደርሰው ይመለሳሉ። የሚጨርሱትም እዚያው በር ላይ ነው።

ጋሼ ስለ ራሱ ድል አውርቶ አያውቅም፤ ድል አልነበረውማ። የእሱ ሥራ ገመቹን ከነፋስ መከለል ነበር። ከዱከም ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ጋሼ ከፊት ሆኖ ይታገለዋል፣ ገመቹ ጎማውን ተጠግቶ ጉልበቱን ይቆጥባል። የሳሪስ ዳገት ሥር ሲደርሱ ጋሼ ያልቅበታል። እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ማለትም እንደ ማንኛውም ሰው ያወራ ነበር። ገመቹ ከጎኑ መጥቶ ያየዋል። ጋሼ የሚናገርበት ትንፋሽ የለውም። እጁን ከብስክሌቱ መያዣ፣ ከማኑብሪዮው፣ አንስቶ ደረቱን መታ ያደርግና መዳፉን አየሩ ላይ ያስቀምጣል። ከኋላ የሚመጡትን እኔ እይዝልሃለሁ ማለቱ ነው። ይህን ሲያሳየን የፋኖሱ ብርሃን የእጁን ጥላ አግዝፎ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል፤ እዚያ ደግሞ በሁለት ሚስማር የተሰቀለ ቀይ ኮርሳ፣ የውድድር ብስክሌት ነበር። «ሄደ!» ይላል ጋሼ። «አልዞረም! ዞር አላለም!» ገመቹ አንደኛ ሆኖ በሩ ጋ ሲደርስ የፋብሪካው ዘበኛ ያለ ሰዓቱ ጡሩምባውን አስጮኸው፤ የፈትል ክፍል ሴቶች ጥጡ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ እልል እያሉ ወጡ። እኛም እልል እንላለን፤ እናቴም በበኩሏ ግድግዳውን ትደበድባለች።

ያንን ቀይ ብስክሌት ማንም ልጅ አይነካውም ነበር። ጋሼ እሁድ እሁድ ያወርደዋል፣ ይወለውለዋል፣ የፔዳሉን ካቴና ዘይት ይቀባል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ሲነዳው ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ማታ ልጆቹ ሁሉ ከተበተኑ በኋላ እኔ ቀረሁና ለምን እንደማይነዳው ጠየቅሁት። «የሰው ነው» አለኝ። የገመቹ ነው። ታዲያ ገመቹ ለምን አይወስደውም አልኩት፤ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቄ።

ያን ማታ ሳይጮኽ ነገረኝ። በደርግ ዘመን ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ከየፋብሪካው ዘማች ተመረጠ፤ ተራው ለገመቹ ደረሰ። የዘማቾቹ መኪና ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር። ገመቹ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ለጋሼ ሰጠው፤ እናቱም አብረው ነበሩና «እሱ እስኪመጣ አንተው ጋ ይቀመጥ» አሉ። የመኪናው ሞተር እያጓራ፣ ሰው እየተላቀሰ፣ ቃል የማይሰማበት ሁካታ ነበር። ስለዚህ ጋሼ እንደ ሥራ ሰዓታቸው ደረቱን መታ አደረገ፣ መዳፉን አየሩ ላይ አስቀመጠ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«ዞረ» አለኝ ጋሼ። «ሰብሊዬ፣ ዞሮ አየኝ።»

እሱ ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ እኔ እዚያ መኖሬን ረስቶ ቀጠለ። ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ሲሠሩ ገመቹ ዞሮ አያውቅም። ዳገት ላይ አልዞረም። «ያን ዕለት ምን አየብኝ?» አለ። ይሸጠዋል ብሎ ይሆን? ይረሳዋል ብሎ ይሆን? ገመቹ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። እናቱ በር በሩን ሲያዩ አለፉ፤ ጋሼም ጥያቄውን እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ካቴናውን ሲቀባ ባየሁት ቁጥር የዘይቱን ጣሳ ይዤለት አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሰውዬው ታማኝ ነበርኩ ሊል የሚፈልገው ለማይመጣ ሰው ነው።

ዓመታት አለፉ። ፋብሪካው መጀመሪያ ፈረቃ ቀነሰ፣ ከዚያ ጡሩምባው ቆመ፣ በመጨረሻም አጥሩ ፈርሶ በቦታው ቆርቆሮ ቆመ። ማሽኖቹ ተቆራርጠው በጭነት መኪና ሲወጡ ጋሼ መንገድ ዳር ቆሞ አየ። የእኛም መስመር ፈረሰ። እኔ አግብቼ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖር ስለነበር እሱንም እናቴንም ወደ እኔ አመጣኋቸው። የጋሼ ዕቃ ሁሉ በአንድ ባጃጅ አለቀ። ብስክሌቱን ግን ለባጃጅ አልሰጥም ብሎ ከንፋስ ስልክ ለቡ ድረስ በእግሩ እየገፋው መጣ። ደረጃውን ተሸክሞት ሲወጣ ጎረቤቶቼ «አባባ፣ ሊፍት እስኪገጠም ቢጠብቁ ይሻላል» ብለው ሳቁ። ቆሞ አብሯቸው ሳቀ፤ ምን እንዳሉት ግን አልሰማም።

በመጨረሻ አልጋ ያዘ። ጆሮው ጭራሽ ዘጋ፣ ምላሱም ታሰረ። ብስክሌቱን ከአልጋው ፊት ለፊት አስደግፌለት ነበር። የንስሐ አባቱ መጥተው ጸለዩለት፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብሎ ሸኘን። ጋሼ ግን አላርፍ አለ። ዓይኑ ከብስክሌቱ ላይ አይነቀልም፤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ደንግጦ ይነቃና መልሶ ያየዋል። እናቴ «ምን ቀርቶት ነው እንዲህ የሚሰቃየው?» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ አውቄዋለሁ። የሰው ማሽን የያዘ ሰው፣ ሌላ ሰው ሳይቀበለው አይሄድም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፊቱን በሁለት እጄ ወደ እኔ መለስኩት። ደረቴን መታ አደረግሁ። መዳፌን አየሩ ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ጋሼ እጄን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ ዓይኑ ሞላ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ። ከዚያ በኋላ ወደ ብስክሌቱ አልዞረም። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

በቅርቡ፣ የሰፈራችንን የድሮ ፋብሪካዎችና ብስክሌተኞች እናስባቸው ያሉ ወጣቶች ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዐውደ ርዕይ አዘጋጁና ስለ ብስክሌቱ ሰምተው ደወሉልኝ። እኔም እንደ ጋሼ በእግሬ እየገፋሁ ወሰድኩት። አዳራሹ ውስጥ ስማቸው የጠፋ ብስክሌተኞች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛ ላይ የክር ማጠንጠኛዎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ አንድ የድሮ ፋብሪካ ጡሩምባ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ብስክሌቱን የተቀበለችኝ ራሷ ተወዳዳሪ የሆነች፣ ጉልበቷ በመውደቅ ብዛት የጠቆረ ልጅ ነበረች። ጎማውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «እትዬ፣ አይሥጉ፣ እኛ አለን» አለችኝ። እንዲሁ ትቼው ልሄድ አልሆነልኝም። አፍሬም ቢሆን ስለ ጋሼ፣ ስለ ገመቹ፣ ስለዚያ ምልክት ነገርኳት። አልሳቀችም። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረግ አድርጋ ደረቷን መታች፤ ከዚያ መዳፏን አየሩ ላይ አስቀመጠች።

ሕጉን አውቃለሁና ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ።

ልጅቷን ተጠራጥሬ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል። ስዞር ብስክሌቱን እንኳ ልብ አላልኩትም። ያየሁት ገና አየሩ ላይ ያለውን እጇን ነው፤ እዚያ እጅ ላይ ጋሼን አየሁት፣ ፋኖሱን፣ ፍሙን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ጥላ ሁሉ አየሁ። ያኔ ነው ገመቹ ለምን እንደዞረ የገባኝ። የዞረው ጋሼን ሊያይ ነው። እንደማይመለስ ልቡ ነግሮት ወዳጁን አንዴ አይቶ ሊጠግበው ፈልጎ ነው።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስከ ለቡ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ማታ ይዤ የቀረሁት አንድ ወሬ ሆነ፤ ጋሼ ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ወሬ ነው፣ የደረሰኝ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ጆሮው ሥር ሆኜ፣ ጎፋ ድረስ እስኪሰማ ጮኼ እነግረው ነበር።