ላንጋኖ ላይ ያልወለቀችው ክንፍ

ስሙኝማ! ይሄን ሳትሰሙ ሐይቅ ውስጥ ቦርድ ላይ እንዳትቆሙ።

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከልደታ ተነሳሁ። ቦርሳዬ ውስጥ በእጄ የሰራኋት የብረት ማሰሪያና ሁለት ብሎን አለ። የምሄደው ላንጋኖ፣ ገመቹ የሚባል ልጅ ጋ ነው። ገመቹ ሰው ቆሞበት ሐይቅ ላይ የሚቀዝፍበት አንድ ቦርድ አለው፤ እሱን እያከራየ ነው የሚኖረው። ከቦርዱ ሆድ ስር እንደ አሳ ክንፍ ያለች፣ አቅጣጫ የምታስይዝ ነገር አለች። ክንፏን የያዘችው ትንሽ የፕላስቲክ ፒን እየተሰበረች ሁለት ክንፍ ሐይቁ ውስጥ ገባበት። የሸጡለት አስመጪዎች ጋ ቢሄድ "መለዋወጫ የለም" አሉት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እኛ ወርክሾፕ መጣ።

"እኔ ካሰርኳት አትወልቅም" አልኩት።

አለቃዬ ጋሽ ሙደሲር ማሰሪያዋን ስሰራ አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ የሚሰበር ነገር ተውለት። ወፍጮ ስንጠግን ለስላሳ ፒን የምናስገባው ለምን መሰለህ? ድንጋይ ሲገባ እሷ ትሰበር ብለን ነው፣ ሞተሩ እንዲተርፍ።"

"ጋሽ ሙደሲር፣ እርስዎ ከባልዲ ውጪ ውሃ አይተው ያውቃሉ?"

ወርክሾፑ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ሳቅ ነው።

መንገድ ላይ

ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ፤ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ታጨቅን። ሞጆ፣ መቂ፣ መንገድ ዳር የተቆለለ ቲማቲምና ሽንኩርት። ባቱ የተጠበሰ አሳ በላሁ፤ ልደታ በዚያ ዋጋ አጥንቱንም አይሰጡህ። ከዚያ ወዲያ ከአስፋልቱ ወርጄ በሞተር፣ አቧራ እየቃምኩ።

ላንጋኖ፣ ስምንት ሰዓት

"ኢንጂነሩ መጣ!" ብሎ ገመቹ አቀፈኝ።

"ስምንተኛ ክፍል ያቆመ ኢንጂነር!" አልኩት።

ክንፏን በብሎን ጠረቅኳት። ገመቹ በሁለት እጁ ቢነቀንቃት ወይ ፍንክች። ሳቀ፣ ወጣበት፣ ቀዘፈ። የላንጋኖ ውሃ ቡኒ ነው፣ ስሩ አይታይም። ወደ ዳር ሲመለስ ክንፏ ድንጋይ መታች። ያቺ ፕላስቲክ ብትሆን ቀጭ ብላ ነገሩ ያልቅ ነበር። የኔ ብሎን እምቢ አለ። ቦርዱ ቀጥ፣ ገመቹ በግንባሩ ውሃ ውስጥ! ቦርዱን ጎትተን ስናወጣው ሆዱ እንደ ዳቦ ተገምጧል፤ ክንፏ የገመጠችውን ይዛ ተንጠልጥላለች።

ገመቹ ከቅንድቡ ደም እየጠረገ ብሎኔን አየ። "ቃልህን ጠብቀሃል፣ አልወለቀችም" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መልስ

እሁድ ቦርዱን ልጠግንለት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ተመለስኩ። ረዳቱ "ጀለሴ፣ የሬሳ ሳጥን ክዳን ነው?" አለኝ። ሂሳቡን ከፍዬ የኋላ ወንበር ገባሁ።

ሰኞ ወርክሾፕ ስገባ ጋሽ ሙደሲር ቦርዱን በእጃቸው ዳበሱትና "ልጁ ደህና ነው?" አሉ። ቁራጭ ፕላስቲክ ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አሰሩ፣ ሞረድ አቀበሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አዲስ ፒን ሞረድኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። መቻል ማለት ጠንካራ ነገር መስራት ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን እናንተ አስመጪዎች፣ ቦርዱን ስትሸጡለት "ይቺ ፒን እንድትሰበር ነው የተሰራችው" ለማለት አፋችሁን ማን ያዘው?