የሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ

የታሰርኩባትን ክፍል መጀመሪያ ያየኋት በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ግድግዳዋ እስከ ወገብ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። በረኪናና እርጥብ ልብስ ትሸታለች። ዘጠኝ ሴቶች ከፍራሻቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጠጋ ጠጋ ብለው አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ ለቀቁልኝ። የሁለተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነበርኩ። የያዙኝ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ምክንያቱ በተማሪዎች መጽሔት ላይ የጻፍኩት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር።

ሁለት ቀን አላለቀስኩም። በሦስተኛው ቀን ግን ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ስሰማ ተንሰቀሰቅኩ።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ አጠገቤ የሚተኙት ሴት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ ናቸው። ሁሉም "መምህር" ይላቸዋል።

"ነገ ቀጠሮ ነበረኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ሮም ካለ ኮሌጅ ጋር። ኢንተርቪው ነው፣ በኢንተርኔት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

ስናገረው በራሴ አፈርኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ልጆቿን ለጎረቤት ጥላ የመጣች ሴት አለች። ግን ከጀመርኩ አይቀር ጨረስኩት። ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ተማሪው ሁሉ በስም ይተዋወቃል። ፍልስፍናም፣ ታሪክም፣ ሥዕልም፣ ሒሳብም አንድ ላይ ይማራሉ። ምሕንድስና የፈተና ውጤቴ ያስገባኝ ቦታ ነው፤ ይሄኛውን ግን ራሴ መርጬ ነበር ያመለከትኩት።

መምህር እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ፊታቸው በራ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ሮም ውስጥ፣ ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር፣ እንዲህ ባለች ትንሽ ኮሌጅ ተምረዋል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከአስተማሪያቸው ጋር እየተከራከሩ ይማሩ እንደነበር፣ በረኛዋ ጫማሽ ረጥቧል ብላ ደረጃው ላይ በባዶ እግር እንዳስኬደቻቸው ነገሩን። የቃል ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያውን ርዕስ የሚመርጠው ተማሪው ነበር አሉ። "ፈሪ ተማሪ መጀመሪያ በሚያውቀው ነገር ይሙቅ ብለው ነው፤ ደግ ሰዎች ነበሩ" አሉና ሳቁ።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ "አሎራ" አሉ፣ በጣልያንኛ "እንግዲህ" ለማለት። "ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ነገ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ትፈተኛለሽ።"

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የታጠፈ ፍራሽ ጠረጴዛ ሆነ። እኔ የተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀመጥኩ። በወንድሟ ምትክ የታሰረች አንዲት የአትክልት ነጋዴ ጸጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ፤ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሹራቧን አለበሰችኝ። ከዚያ ሁለቱም ሄደው ከመምህር ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ኮሚቴው ተሟላ።

"ለምን እኛን መረጥሽ?" አሉ መምህር።

ለኢንተርኔቱ ኢንተርቪው የሸመደድኩትን ለቀቅኩት።

"ይሄንን ያገኘሽው ከኮምፒውተር ነው" አሉኝ። "አንቺ ራስሽ የታለሽ?"

አትክልት ነጋዴዋ ጣልቃ ገባች፦ "ቆይ እስቲ፣ ያን ሁሉ ደባልቀሽ ተምረሽ ምን ልትሠሪበት ነው?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። "ድልድይ እንዴት እንደሚቆም አስተምረውኛል። ከድልድዩ በፊት ሰው እንዴት ይሻገር እንደነበር፣ ድልድዩ ለማን እንደሚሠራ ግን የጠየቀ የለም። እኔ እሱን የሚጠይቁበት ቦታ መቀመጥ ነው የምፈልገው።"

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። "ቆጠራ! ተነሱ!" አለች ፖሊሷ።

መምህር አልተነሱም። "ልጄ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይቺ ልጅ የኮሌጅ ፈተና ላይ ናት። ስትጨርስ እንሰለፋለን።"

ሴቶቹ ከዚህ ባነሰ ነገር ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ተከልክለው እንደነበር ነግረውኛል። ፖሊሷ እኔን አየች፣ ጄሪካኑን አየች፣ ሹሩባዬን አየች።

"የምን ኮሌጅ ነው?"

"የሮም ነዋ!" አለች አትክልት ነጋዴዋ።

ፖሊሷ መቃኑን ተደግፋ፣ እንደተቀመጥን በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችን። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሌላ ጊዜ በሩን ታላትመው ነበር፤ ያን ቀን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ኮሚቴው ሊመካከር ሲል ውጭ መውጣት ስለማልችል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። መምህር "ትቸኩላለች" ሲሉ ሰማሁ። "ገና ልጅ አይደለች? ትማራለቻ" አለች አትክልት ነጋዴዋ። በመጨረሻ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ተቀብለንሻል" አሉ። ማጨብጨብ ክልክል ስለነበር ሁሉም በሁለት ጣት መዳፉን መታ መታ አደረገ።

ከአራት ወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ለኮሌጁ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፦ "በቀጠሮው ቀን እስር ቤት ነበርኩ።" ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ፤ ተቀበሉኝም። ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ከሁለት የኮሌጁ ተማሪዎች ጋር እዚያው ኤስኲሊኖ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ እኖራለሁ፤ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ በየዓመቱ እሰለፋለሁ፤ ምሳ ከአስተማሪዎቼ ጋር በአንድ ገበታ እበላለሁ። መምህር ከእኔ በኋላ ስምንት ወር ቆይተው ወጡ። ስንደዋወል ስለዚያች ክፍል አያነሡም፤ ሰሞኑን ምን እንዳነበብኩ ነው የሚጠይቁኝ፣ መልሴ ካላረካቸው ይቆጡኛል።

አዲስ አመልካቾች ሲጠየቁ ከተማሪዎች ወገን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከሩቅ አገር በኢንተርኔት መልስ ጀምራ መስመሩ ተቋረጠ። ጠበቅን። አስተማሪያችን ሰዓቱን አየ፣ ወደሚቀጥለው ስም ሊያልፍም እጁን ዘረጋ። "ትንሽ እንቆይ" አልኩት። "ቫ ቤኔ" ብሎ ተስማማና እጁን ሰበሰበ።

ከስንት ደቂቃ በኋላ ፊቷ ብቅ አለ፤ ላብ አጥምቋታል። ይቅርታ፣ መብራት ሄዶብኝ ነው፣ ይቅርታ ትላለች ደጋግማ።

"ግድ የለም" አልኳት። "ተረጋጊ። ከየት ላይ ነበር ያቆምሽው?"