ቤት መኪናችን ለምን ይጮህ ነበር

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን ነው። ለጓደኞቼ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ እነሱ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ስለሚቀየር ቶሎ አሳጥሬ አልፈዋለሁ። ስጽፍ ድምፄን የሚሰማ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ልናገር።

የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ ነው። አባዬ እዚያው ሱቅ አለው። ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ በዒድ ቀን እንኳን ከሶላት መልስ ይከፈታል። እማዬ ከስልጤ ወደዚህ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ሩቅ ሄደች ከተባለ እዚሁ ከተማ ውስጥ ፎርድስበርግ ድረስ ልብስ ልትገዛ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም።

አባዬ "ደርባን ልውሰድሽ" ባላት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። "ምን እንደተሠራበት በማላውቀው የሆቴል ድስት የበሰለ አልበላም። የራሴ ወጥ ቤት ካለበት አልወጣም።"

አባዬ ብዙ አሰበና ወጥ ቤቱን ራሱን ወደ ባሕር ለመውሰድ ወሰነ።

ሞተርሆም ይሉታል፤ እኛ ቤት መኪና ነው የምንለው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከአግዳሚ ወንበሮቹም ሥር ሣጥኖች አሉት። በዕድሜ ይበልጠኛል። የሸጠልን ሩደፖርት የሚኖር ኦም ፒት የሚባል ነጭ ሽማግሌ ነው። ኦም በአፍሪካንስ አጎት ማለት ነው፤ እነሱም እንደኛ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩም። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ልጁ ኬፕታውን ሆና "ብቻህን ምን ያደርግልሃል፣ ሽጠው" እያለች ጨቅጭቃው ነው የሸጠው። ቁልፉን ከሰጠን በኋላ ላም እንደሸጠ ሰው የመኪናውን ጎን ቸብ ቸብ አደረገውና "ካልተስማማችሁ እስከ ቅዳሜ መልሱልኝ" አለን። ቀኑ እሑድ ነበር።

አይቮሪ ፓርክ የሚነግደው አጎቴ ሸምሱ መኪናውን ሊያይ መጣና ሁለት ጊዜ ዞረው።

"ሰው ወይ ቤት ይሠራል ወይ መኪና ይገዛል" አለ አባዬን። "አንተ ሁለቱም ሲያቅቱህ ቀላቀልካቸው።"

"አንተ አራት ቀን ሱቄን ጠብቅልኝ እንጂ ምክርህን አልገዛሁም" አለው አባዬ።

መጀመሪያ ላይ ብልሽቱ ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ውሃው አልወርድ አለ፤ መመሪያውን ሳነብ የፓምፑን ማብሪያ ቁምሣጥን ውስጥ አገኘሁት። የኋላው መብራት አልበራ አለ፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ነበርና ሁለት ራንድ በማይሞላ ነገር ቀየርኩት። አባዬ ለደንበኞቹ ሁሉ "መካኒኳ ልጄ" እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። እኔም እጄን ዘይት አስነክቼ በሱቁ ፊት ለፊት እመላለስ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ ያኔ ግን በጣም ተመችቶኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕቃ ጭነን ለሙከራ ወጣን። እማዬ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ በርበሬውን፣ መስገጃውን ለሁለት ሰዓት ያህል ስትደረድር ነበር። ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብ ስንሄድ ግማሽ መንገድ እንኳን ሳንደርስ ከኋላ አንድ ነገር ጮኸ። ጩኸቱ ጥርስ ያሳክካል። የምትጮኸው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ነጭ ሣጥን ናት፤ ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። መመሪያው የሚለው ግልጽ ነው። ይህ ከጮኸ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፣ ወዲያው ውረዱ።

ወረድን። እማዬ አንድ ጫማዋን ውስጥ ትታ ነው የወረደችው። አባዬ ሮጦ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋ። በሩንና መስኮቱን ከፍተን መንገድ ዳር ቆምን፤ ጩኸቱ ተወ። ዘግተን ስንነሳ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ ቤት ተመለስን።

ረቡዕ አባዬ የጋዙን ቱቦና ሬጉሌተሩን ቀየረ። እኔ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ ጋዝ ካለ አረፋው ይነፋል። አንድም አልተነፋ። ግን ጮኸ።

ሐሙስ መካኒክ መጣ። ቧንቧው እንዲታየው ብለን ዕቃውን ሁሉ አውርደን ቤት አስገባንለት። ሰውዬው በዚያች ጠባብ ቦታ ሆዱን አጥፎ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ፈተሸ። ሣጥኗ ዝም። በሩን ዘጋን፤ ዝም። "ምንም የለውም" ብሎ ሄደ። እኛም ደስ ብሎን ዕቃውን መልሰን ጫንን። ማታ ላይ ጮኸች።

"ገባኝ" አለ አጎቴ ሸምሱ በስልክ። "ዕቃ ሲጫንበት ነው የሚያፈሰው። ክብደቱ ከወለሉ ሥር ያለውን ቧንቧ ይጫነዋል። ተኝታችሁ ሳላችሁ አንድ ቀን እንደ ርችት ትፈነዳላችሁ።"

ቀልዱ ቢቀርም ነገሩ ልክ መሰለን። ባዶ ሲሆን ዝም፣ ሲጫን ጩኸት። አባዬ ያን ሌሊት አልተኛም። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ "ቤተሰቤን ቦምብ ላይ አላስተኛም፤ ነገ ይመለስ" አለ። እማዬ የአንገት ልብሷን አጣጥፋ ጨረሰችና እንደገና ዘርግታ አጣጠፈችው። ለባሕሩ ብላ የገዛችው፣ ገና ያልለበሰችው ነበር።

ለኦም ፒት የደወልኩት እኔ ነኝ፤ የአባዬ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ስለሆነ። ገና ስጀምር "አምጡት፣ አምጡት፣ ገንዘባችሁ ዝግጁ ነው" አለኝ። የሚበሳጭ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን ዘመድ ሊመጣለት እንደሆነ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን እዚያው እናራግፋለን ብለን፣ አጎቴ ሸምሱ በፒክአፑ ሊከተለን ተነጋግረን፣ ሄድን። ኦም ፒት ቤት ስንደርስ የአጥሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሌባ በሚፈራበት ጆሃንስበርግ ውስጥ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የመኪናው መጠለያ ተጠርጓል፣ ወለሉ በውሃ ታጥቧል። እሱም ፀጉሩን አበጥሮ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። አባዬ ሞተሩን አጠፋ፤ እኔ ወርጄ ቁልፉን ሰጠሁት። ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

ወዲያው ከመኪናው ውስጥ ጩኸቱ ጀመረ።

"ይኸው ይስማው" አለ አባዬ። "እኔ ዋሽቼ እንዳይመስለው።"

ኦም ፒት አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ በደረጃዋ ወጥቶ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ተከተልኩት። አየሩን ሳብ አደረገ፣ አሁንም ሳብ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። ቁልፉን አየው፣ በመስኮቱ በኩል የታጠበውን መጠለያ አየው። እኔ ያኔ ስለ ጋዙ የሚያስብ ነበር የመሰለኝ።

"ከእናንተ ሊጥ የሚያቦካው ማነው?" አለኝ።

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቅሁም። ለእማዬ ተረጎምኩላት። እማዬ ቀላች።

"ምን ዓይነት ሊጥ?" አለ አባዬ።

ኦም ፒት ጉልበቱን እየደገፈ ተንበረከከና ከነጭዋ ሣጥን አጠገብ ያለውን የአግዳሚ ወንበር ሣጥን ከፈተ። ብርድ ልብሱን አወጣ። ከኋላው ክዳኑ እንደ ሆድ የተነፋ ባልዲ ነበር።

ቆጮ ነው። ከሀገር የመጣች አንዲት ሴት ለእማዬ አምጥታላት ነበር። ደርቆ ስለነበረ አርሳ፣ እርሾ ጠብ አድርጋ አቡክታ፣ ባሕሩ ዳር ለአባዬ ጋግራ ልታስደንቀው ደብቃው ኖሯል። ለመካኒኩ ዕቃ ስናወርድም ከሌላው ጋር ራሷ ወደ ቤት አስገብታዋለች፤ ራሷ መልሳዋለች። ሲቦካ የሚያወጣውን ትንፋሽ ያቺ ሣጥን ጋዝ ነው ብላ ትጮሃለች። ሦስታችንም አፍንጫ አለን፤ ግን ለእኛ ያ ሽታ የቤት ሽታ ነው። ማን ይቆጥረዋል?

ኦም ፒት ባልዲውን አወጣው። መስኮት ከፍተን አናፈስን፣ ዘጋን፣ ጠበቅን። ዝም። ባልዲውን መልሶ አስጠጋው፣ ጥቂት ቆየ፣ ጮኸች።

"መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ" አለች እማዬ በሻሿ ፊቷን ሸፍና። "የሰው ስም አጠፋሁ እኮ። አንተ፣ ሰውዬውን ይቅርታ በልልኝ።"

አባዬ ግን መሳቅ ጀምሮ ነበር። ደረጃዋ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ቦምቡ ቆጮ! ሸምሱ ይህን ከሰማ ኮዝሞ ሲቲ አያኖረኝም" አለ። አጎቴ ሸምሱ ደግሞ ከፒክአፑ ወርዶ ከኋላው ቆሟል።

"በምን አወቁ?" ብዬ ኦም ፒትን ጠየቅኩት።

"ሚስቴ የዳቦ ሊጥ እዚያው ሣጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው፤ ይሞቃል" አለኝ። "አንድ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ በሌሊት ልብሳችን ሮጠን ወጥተናል። እሷ ከሣቋ የተነሳ መቆም አቅቷት ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ረስቼው ነበር። ድምፁን ስሰማ ነው።"

ይህን ስተረጉም አባዬ ሳቁን አቆመ። ተነስቶ የተጠረገውን መጠለያ አየ፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ አየ። ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ነው፤ ሰው አንድን ነገር ሲፈልግ ያውቃል።

"ነስሪ፣ በደንብ ንገሪልኝ" አለኝ። "መኪናውን ከፈለገው አሁንም የሱ ነው በይው። ተቀይሜም አይደለም። ከልቤ ነው።"

ነገርኩት። ኦም ፒት ቁልፉን በጣቶቹ አገላበጠው። ከዚያ እጄን ያዘና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"እኔ እዚህ ውስጥ ሊጥ የሚያቦካ የለኝም" አለ።

ይህንን ለእማዬ መተርጎም አቃተኝ። ቃላቱ ግን ቀላል ናቸው። እሷም ሻሿን አስተካከለችና "ምድጃውን ለኩሺው" አለችኝ።

እዚያው መጠለያ ሥር ቆጮውን ጋገረችው። ኦም ፒት የመጀመሪያዋን ቁራሽ በጣም ረጅም ጊዜ አኘከ። "ግድ የለም ቢተወው" አለ አባዬ። አልተወም። ሁለተኛ በቅቤ ስትሰጠው ግን ፈጠን አለ። አጎቴ ሸምሱ ለሁላችንም የሚበቃ በላ።

እሑድ ንጋት ላይ ወደ ደርባን ተነሳን። ስለ ባሕሩ ብዙ መጻፍ እችል ነበር። እማዬ ውሃው እግሯን ሲነካት እንዴት እንደጮኸች፣ ከዚያ እንዴት አልወጣም እንዳለች። ግን ከሁሉ የማስበው ሌላ ነገር ነው።

ኦም ፒት ዝም ቢል መኪናው የሱ ነበር። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። እኛም አመስግነነው እንሄድ ነበር። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። "ሣጥኑን እከፍት ነበር" ማለት ያምረኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ያን ያህል የምፈልገውን ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን እማዬ "ደውይለት" አለችኝ። በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞርኩለት።

"ባሕሩን አውቀዋለሁ" አለኝ። "ውስጡን አሳዪኝ።"

ይዤው ገባሁ። አባዬ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ይከትፋል፣ እማዬ ምድጃው ጋ ቆማ ታማስላለች። መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ምሳችንን እስክንጨርስ አልዘጋነውም። አሁን የማላውቀው ሰው ደግ ነገር አደረገልኝ ሲባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ያ ምሳ ነው፤ አራት ሆነን የበላነው።